በጉሙ ውስጥ ስሜን የጠሩት

ስሜ ግርማነሽ ነው። ይህን በግልጽ ለመናገር ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ አፍር ነበር። ደብረ ብርሃን ስማር የክፍሌ ልጆች ገና በዐሥራ ሁለት ዓመቴ «እማማ ግርማነሽ» ይሉኝ ነበር። የዕድር ሰብሳቢ ስም ነው ይሉኛል፤ ይስቃሉ። አባቴ የሞተው እኔ በተወለድኩ በሳምንቱ ነው። ለቅሶው ላይ አንዲት ሴት «የቤቱ ግርማ ሄደ» ብላ ስታለቅስ እናቴ እኔን ከመደቡ አንሥታ «የእኔስ ግርማ አንቺ ነሽ» አለች። በዚያው ስሜ ሆነ። ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ መቶ ጊዜ መስማቴ ግን ስሙን አላስወደደኝም።

ሥራ ስይዝ በማያውቁኝ ሰዎች መካከል «ሊና» ብዬ ተዋወቅሁ። የተመደብኩት አንኮበር ነበር፤ ሥራዬም የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ስጽፍ እውላለሁ፤ የራሴን ግን ከሥራ ባልደረቦቼ እደብቃለሁ። በመጨረሻ በሕግ ላስለውጠው ወሰንኩና ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት አመለከትኩ። ለዓርብ ተቀጠርኩ።

የምነግራችሁ ነገር የደረሰው ከዚያ ዓርብ በፊት በነበረው ረቡዕ ነው። ነሐሴ ነበር።

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ወገብ ላይ ያለች አንዲት መንደር ልደት ያላስመዘገቡ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩባት። ሐሙስ ማታ ደብረ ብርሃን መድረስ ስላለብኝ ረቡዕ ሥራውን ልጨርስ ተነሣሁ። መኪናው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ናዳ መንገዱን ዘግቶታል።

«ነገ ይጠረጋል፤ እንመለስ» አለኝ ሾፌሩ።

«ነገ አይሆንልኝም። በእግር ስንት ሰዓት ነው?»

«ለሚያውቀው ሁለት ሰዓት አይሞላም። ለማያውቀው እንጃ። ሰማዩንም እይው።»

ሰማዩ ንጹሕ ነበር። መንገዱንም ባለፈው ዓመት ከሰው ጋር ሄጄበታለሁ። መዝገቡን በፕላስቲክ ጠቅልዬ በጀርባ ቦርሳዬ ከተትኩና ወረድኩ።

ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ደስ የሚል መንገድ ነበር። ጭላዳዎች በአፋፉ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ እርስ በርሳቸው ያወራሉ። ከታች ቆላው እስከ ዓይን ማለቂያ ተዘርግቷል። ከዚያ ሰባት ሰዓት ገደማ ጭላዳዎቹ ዝም አሉ። ቀስ በቀስ አልነበረም፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው ዝም ያሉት። ቀና ስል ወደ ገደሉ እየወረዱ ነበር። ወደ ታች ሳይ ቆላው የለም።

እዚያ አገር ጉም ከላይ አይወርድም፤ ከታች ነው የሚወጣው። እንደ ውሃ ሙላት ከፍ እያለ መጣ። መጀመሪያ የታችኛውን ጥድ ዋጠ፣ ከዚያ የእኔን መንገድ፣ ከዚያ የራሴን ጫማ። እጄን ስዘረጋ ጣቶቼ ይታዩኛል፤ ከጣቶቼ በኋላ ግን ምንም የለም። ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነበረብኝ። ሰዓቱ አስጨነቀኝና በእግሬ እየዳሰስኩ መሄድ ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ ከእግሬ ሥር ያለው የተረገጠ አፈር አለመሆኑን አወቅሁ። ሣር ላይ ነበርኩ። መንገዱ ጠፍቶኛል።

ያን ጊዜ ነው የተጠራሁት።

«ግርማነሽ! ኧረ ግርማነሽ!»

የሽማግሌ ድምፅ ነው። ከፊት ለፊቴ፣ ብዙም ከማይርቅ ቦታ። መጨረሻውን እየጎተተ፣ በመስክ ያለ ሰው እንደሚጣራው።

ደነገጥኩ ማለት አይገልጸውም። በዚያ ወረዳ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራኝ አንድም ሰው የለም። አለቃዬ እንኳ የሚጠራኝ ሊና ብሎ ነው። እናቴ ልጅ ሳለሁ «ጠሪውን ሳታዪ አቤት አትበይ፤ ሰው ከሆነ ሦስተኛ ይጠራል» ትለኝ ነበር። እስቅባት የነበረው ነገር ያን ሰዓት ትዝ አለኝ። አፌን ዘግቼ ቆምኩ።

«ግርማነሽ! ነይ! ነይ ልጄ!»

ሁለተኛው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲደግመው ፍርሃቴ ቀነሰ። ድምፁ የደከመ፣ የሚያሳዝን የአባት ድምፅ ነው። ሰው ካለ ቤት አለ፤ ቤት ካለ መንገድ አለ ብዬ በቀጥታ ወደ ድምፁ መራመድ ጀመርኩ። ዐሥር እርምጃ ሄድኩ፤ ምናልባትም ዐሥራ አምስት። ሣሩ እርጥብ ነው፤ መሬቱ ወደ ታች ያዘነብላል።

«ግርማነሽ፣ ቁሚ።»

ይህኛው ከፊት አልመጣም። ከቀኝ ጎኔ፣ ከጆሮዬ ትይዩ ነው። ጩኸት አልነበረም፤ አጠገብ ያለ ሰው እጅ ይዞ እንደሚለው ያለ፣ ረጋ ያለ ቃል። ሰውነቴ ሳላዝዘው ቆመ። የግራ እግሬ ወደፊት ተዘርግቶ ነበር፤ ተረከዜ ሥር ያለ ጠጠር ተንሸራተተ። ሲወድቅ እሰማዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ምንም ድምፅ አልመጣም።

ቁጭ አልኩ። ንፋስ ጉሙን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ከፈት ሲያደርገው ከጫማዬ ጫፍ በታች የትልልቅ ዛፎች አናት ታየኝ፤ እንደ ጎመን ትንንሽ ሆነው። ከዚያ ተመልሶ ተዘጋ። በመቀመጫዬ ወደ ኋላ እየተሳብኩ፣ ሣሩን በሁለት እጄ እየጨበጥኩ ራቅሁ። ወደ ቀኜ ዞሬ አየሁ። ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም።

ያኔ፣ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ ባለኝ አቅም ጮኼ «አቤት!» አልኩ።

ጉሙ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ ከማዶ ሽማግሌው አንድ ድምፅ አሰማ። ቃል አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ከኋላዬ የበቅሎ ቃጭል ሰማሁ። አንድ ሰው «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያለ ቀስ ብሎ ይቀርባል። ከጉሙ ሲወጣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቆብ ያደረገ፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ነው። ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«ሰው ነሽ?» አለኝ።

«ሰው ነኝ። ከወረዳ ነው የመጣሁት። መንገድ ጠፋኝ።»

«አሁን አቤት ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ለምን አልሽ?»

«ስሜ ስለተጠራ።»

የበቅሎዋን ገመድ እጁ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመው። «ስምሽ ማነው?»

ሊና ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። «ግርማነሽ» አልኩት።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ በለሆሳስ። ከዚያ መጥቶ ክንዴን ያዘና አነሣኝ። እጄ ሞቃት መሆኑን ሲያውቅ ተነፈሰ።

ጀላል ይባላል። ከአልዩ አምባ ጨውና ልብስ ወደ ደጋ እያወጣ፣ ገብስና ባቄላ እያወረደ የሚነግድ ሰው ነው፤ ቤቱም እዚያችው መንደር። ገደሉ እንደ ማጭድ የታጠፈ መሆኑን፣ የጠራኝ ሰው ቤት ከገደሉ ማዶ መሆኑን የነገረኝ እሱ ነው። ቤቱ ለመድረስ የማጭዱን ጀርባ ተከትሎ መዞር ያስፈልጋል፤ አርባ ደቂቃ። በድምፅ ግን እዚህ ነው፣ አጠገብሽ።

እየሄድን ነገረኝ። ጠሪው ጋሽ ከበደ የሚባል ገበሬ ነው። አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ግርማነሽ። የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ፣ ከአልዩ አምባ ገበያ ስትመለስ እንዲህ ያለ ጉም ወጣ። አልገባችም። ወንዙን ፈለጉ፣ የታችኛውን ጫካ ፈለጉ። ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች ያሉም ነበሩ። አባቷ ግን ጉም በወጣ ቁጥር ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠራታል።

«ጥሪውን ለምደነዋል» አለኝ ጀላል። «አቤት ሲባል ግን ዛሬ ገና ሰማሁ። ጸጉሬ ቆመ። ለማንኛውም እቤት ስትደርሺ ሌላ ስም ካለሽ እሱን ተናገሪ።»

ነበረኝ። ግን አልጠቀመኝም። ጋሽ ከበደ በጋቢው ላይ ጤዛ ተንጠልጥሎበት በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ረጅም፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ። ገና ሳንቀርብ «አቤት ያለችው ማናት?» አለ።

በዚያ ፊት ውሸት ከአፍ አይወጣም። «እኔ ነኝ፣ አባባ። ስሜ ግርማነሽ ነው። ግን የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ለምዝገባ ነው የመጣሁት።»

አተኩሮ አየኝ። ፊቴን በጣቶቹ ሊነካ እጁን አነሣና መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተው። «የደብረ ብርሃን» አለ። «ግቢ፤ በርዶሻል።»

ቤቱ ውስጥ የገባሁበትን ስሜት በደንብ አስታውሰዋለሁ። ከእሳቱ ወዲያ ባለው መደብ ላይ አልጋ ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ ታጥፎ፣ ትራሱ ላይ አንድ ነጠላ። ማንም እንደማይተኛበት ያስታውቃል፤ በየቀኑ እንደሚነጠፍም ያስታውቃል። እዚያ ላይ አስቀመጡኝ። ሚስቱ እትዬ አስካለ አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ጫማዬን አየች። ሣርና ቀይ ጭቃ ይዟል። ዓይኗን ከጫማዬ ሳታነሣ ትኩስ ወተት ሰጠችኝና «ልብስሽን ቀይሪ፤ ነይ ጓዳ» አለችኝ።

ጓዳው ውስጥ የልጇን ቀሚስ ሰጠችኝ። ልክ ሆነኝ። ይህን ስታይ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ይህ ቀይ ጭቃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አፋፉ ላይ ነበርሽ?»

«አዎ፣ እማማ። ጥሪውን ተከትዬ።»

ከዚያ ለዐሥራ አንድ ዓመት ለማንም ያላለችውን ነገር፣ ስሟን እንኳ ገና ለማላውቅ ለእኔ፣ ስሜ ስለተመሳሰለ ብቻ ይመስለኛል፣ ነገረችኝ።

«ያን ቀን እሱ ሲጠራ እኔ ከቤቱ ጀርባ ነበርኩ። አቤት ስትል ሰማኋት። ከማዶ ነው። እሱ አልሰማም፤ ይጮህ ነበር፣ ንፋስም ነበር። ነይ አላት። አቤት አለች፤ ቀርባ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ነይ አላት። መልስ የለም።» ቀሚሱን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። «ወደ አባቷ ድምፅ በቀጥታ ነው የመጣችው። እሱ አያውቅም። እንዳይሰማ። የት እንደቆምሽ እንዳትነግሪው፤ በእናትሽ።»

ቃል ገባሁላት።

«ፈልገዋት አያውቁም?»

«ብቻዬን ወርጄ ነበር፤ የተቻለኝን ያህል። ወንዶቹን ልጠራ ብል ለምን እዚያ ይሉኛል። እሱም ይሰማል። ልጄን ያለ መቃብር ትቼ ባሌን ያዝኩ። እግዜር ይፍረድብኝ።»

ወደ እሳቱ ስንመለስ ጀላል አልሄደም ነበር። ነገሩ እንዳይከብድ ብሎ ይመስለኛል ስለ ስም ያወራ ጀመር። «ይገርምሻል፣ እዚህ ቤትና እኔ ቤት ያለው ስም አንድ ነው። ጀላል በዓረብኛ ግርማ ነው። የእኔ ልጅ ኡልፊና ትባላለች፤ የእናቴ ስም ነው፤ እናቴ ኦሮሞ ናት። ክብር ማለት ነው። ጋሽ ከበደም ያው ነው፤ ከብዶ ያስከብራል። የእነሱ ልጅ ደግሞ ግርማነሽ።»

«ሁለት ጎጆ፣ አራት ስም፣ አንድ ትርጉም» አለ ጋሽ ከበደ። ብዙ ጊዜ የተባባሉት ነገር ይመስላል። «ድሃ ለልጁ የሚያወርሰው ሌላ ምን አለው? ግርማ ይኑራት አልኩ። ስትገባ ሰው ብድግ ይበልላት አልኩ።»

«ግርማ የሚያስፈራም ነው» አለች እትዬ አስካለ እሳቱን እያየች። «ግርማ ሌሊት ይባል የለ?»

ውጭ ጉሙ በሩን ሞልቶታል። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄ፣ ስጠራ ድምፄ ይሰማል? አርጅቻለሁ፤ ርቆ አይሄድም ብዬ እፈራለሁ።»

ላጽናናው ፈለግሁ። ሌላ ነገር አላሰብኩም። «በደንብ ይሰማል፣ አባባ። ነይ ሲሉኝ መጣሁ፤ ቁሚ ሲሉኝም ቆምኩ። እርስዎ ነዎት ያተረፉኝ።»

የተናገርኩት ምን እንደሆነ የገባኝ የእትዬ አስካለን ፊት ሳይ ነው።

ጋሽ ከበደ ከእሳቱ ቀና አለ። «ቁሚ አላልኩም» አለ።

«ምናልባት…»

«ልጄ፣ እኔ ቁሚ ብዬ አላውቅም። ነይ ነው የምል። ዐሥራ አንድ ዓመት ነይ ነው ያልኩ።» ወደ ጀላል ዞረ። «አንተ ሰምተሃል?»

ጀላል አንገቱን ደፋ። «የእርስዎን ሁለት ጥሪ ሰማሁ። ከዚያ የእሷን አቤት። በመካከል ሌላ አልሰማሁም።»

«የወንድ ድምፅ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይደለም» አልኩ።

«የት ቆመሽ ነበር?»

ወደ እትዬ አስካለ አየሁ። ሽማግሌው ዓይኔን ተከትሎ እሱም ወደ ሚስቱ አየ፤ ከዚያ በሩ አጠገብ ወደተቀመጠው ጫማዬ። ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣና ጭቃውን በአውራ ጣቱ ፈተሸው። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ሰው ነው፤ የየትኛው መሬት አፈር እንደሆነ ለማወቅ ብርሃን አያስፈልገውም። ጫማውን መልሶ አስቀመጠና ወጣ። ደጃፉ ላይ በጉሙ ውስጥ ቆመ። እንዲጠራ ጠበቅን፤ አልጠራም። ጉሙ እስኪመሽ አልለቀቀም፤ እሱም ያን ቀን አንድ ቃል አልወጣውም።

በዚያ በተነጠፈው አልጋ ላይ ተኛሁ። ተኛሁ ካልኩ ነው።

ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። በሩ ላይ ወጥቼ የቆምኩበትን ቦታ አየሁት። ከቤቱ ደጃፍ ትይዩ፣ ድንጋይ ቢወረውሩት ሊደርስ የሚመስል አፋፍ። ሣሩ ላይ በመቀመጫዬ የተሳብኩበት መስመር ከዚህ ይታያል። ከእሱ በታች ምንም የለም። ዓይን እስኪዞር ድረስ ምንም የለም። ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ከበደ አስቀድሞ እዚያ ተቀምጧል። ሚስቱ ከኋላው ቆማለች።

«ጥሪዬ ነው» አለ ወደ አፋፉ እያየ።

«አይደለም» አለች።

«አስካለ፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት?»

«ዐሥራ አንድ ዓመት።»

«ለምን?»

«አንተ ደግሞ ከሄድክ ማን ይመልስልኛል?» አለች። «እሷን የሚጠራ አንተ ነበርክ። አንተን የምጠራ እኔ ነኝ።»

ከጎኑ ተቀመጠች። ሲጣሉ ወይም ሲላቀሱ አያለሁ ብዬ ነበር። ሁለቱም አላደረጉትም። እጁን አውጥቶ ጉልበቷ ላይ አኖረው፤ እዚያው ተወው።

ረፋድ ላይ ጀላል ከመንደሩ ስድስት ሰው ይዞ መጣ፤ ገመድም ይዘዋል። ወጣቶቹ እኛ እንውረድ አሉት። «ያኔ ወንዙን እንፈልግ ያልኩት እኔ ነኝ» አላቸው። «እኔ ነኝ የምወርድ።» ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። እኔ ከቆምኩበት ቦታ በቀጥታ ወረደ። ለረጅም ጊዜ ገመዱ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ ከታች «ሳቡ» አለ፤ ደስታም ኀዘንም የሌለበት ድምፅ ነው።

ሲወጣ የራሱን ፎጣ እንደ ሕፃን አቅፎ ይዟል። ገደሉ መካከል፣ የአስታ ቁጥቋጦ የበቀለበት ጠባብ የድንጋይ መደርደሪያ አለ። እዚያ ነበረች። ያላገኟት ከላይም ከታችም ስለማትታይ ነው። ማተቧና የመዳብ መስቀሏ አብረው ነበሩ። ጀላል ፎጣውን ለእናቷ ሰጠና ዞር ብሎ ፊቱን ጠረገ። ቅዳሜ በደብሩ ተቀበረች። ካህናቱ ስሟን ሲጠሩ እኔም ሕዝቡ መካከል ቆሜ ነበር፤ በተጠራ ቁጥር ሰውነቴ ይሰቀጥጠኛል።

ዓርብ ቀጠሮዬ ላይ እንዳልተገኘሁ አስተውላችኋል። ሌላ ቀጠሮ ቢሰጠኝም አልሄድኩም።

ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ሰዎች ብዙ ይሉኛል። አንድ መሐንዲስ ጓደኛዬ የገደል ማሚቶ ነው አለኝ፤ ማሚቶ ግን ያልተባለ ቃል አይመልስም። ሌላው ደግሞ የራስሽ ሐሳብ ነው፣ አእምሮ አደጋ ሲያይ ድምፅ ይፈጥራል አለኝ። ይሆናል፤ ግን እኔ አደጋውን አላየሁትም ነበር። የንስሓ አባቴ ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ፤ የእሳቸውን ዝምታ ከሁሉም ወደድኩት። እናንተም የመሰላችሁን ያዙ፤ አልከራከርም። እኔ የማውቀው፣ ያ ቃል ሲነገረኝ ሊና ተብዬ ቢሆን ኖሮ እንደማልቆም ነው። ሰውነቴ የሚያውቀው ያንን ስም ነው።

ስለ ስም ያለኝ አስተያየትም ተቀይሯል። ግርማ ማለት ሰው ብድግ የሚልለት ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ እኔ ላይ የተሰፋ የማይመጥን ካባ መስሎ ይታየኝ ነበር። አሁን ግን ወላጆች ልጃቸውን ግርማ፣ ጀላል፣ ኡልፊና ሲሉ የሆነውን ሳይሆን የፈሩትን የሚናገሩ ይመስለኛል፤ ይህች ትንሽ ነገር እንዳትወድቅብን፣ ዓለም እንዳያቀልብን፣ ክብደት እንስጣት የሚሉ። ቢሮዬ ለሚመጣ ወላጅ ሁሉ ስሙን ከመጻፌ በፊት ለምን እንደወጣ እጠይቃለሁ። ፎርሙ አይጠይቅም፤ እኔ እጠይቃለሁ። እናንተም እናታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬ ጠይቋት።

ጥቅምት ላይ ጋሽ ከበደና እትዬ አስካለ ሞቱን ሊያስመዘግቡ ቢሮዬ መጡ። ጀላል በበቅሎው አምጥቷቸው ምስክር ሆኖ ፈረመ። የሟች ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም እያልኩ ሞላሁ። የአስመዝጋቢ ስም ላይ ስደርስ ጋሽ ከበደ «ራሷን ጻፊያት» አለኝ። «የነገረችን እሷ ናት። እኛማ ዐሥራ አንድ ዓመት አላስመዘገብናትም።»

«ደንቡ አይፈቅድም፣ አባባ» አልኩት። የእሱን ጻፍኩ። አልተከራከረኝም፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ከዚያ ማንበብ ስለማይችል ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እንዳነብለት ጠየቀኝ። አነበብኩለት። መጀመሪያው መስመር ላይ የሟች ስም ግርማነሽ፤ መጨረሻው መስመር ላይ፣ ከማኅተሙ አጠገብ፣ የመዝጋቢ ስም ግርማነሽ።

ጣቱን በሁለቱ ስሞች ላይ ተራ በተራ አሳረፈ። የት እንዳሉ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

«አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች» አለ። «ይበቃል። አሁን እንሂድ፣ አስካለ።»